የሥጋ ዶሮዎች ደም የቀላቀለ ኩስ እንዴት ቆመ

ካዛንቺስ፣ ጠባብ ጓሮ፤ በሦስተኛው ሳምንት ኩሱ ደም ቀላቀለ። ምርመራው ኮክሲዲዮሲስ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ) ነው አለ። 20 በመቶ የአምፕሮሊየም ዱቄት በሊትር ውኃ 1.2 ግራም ሂሳብ ለ5 ቀን ተሰጠ። ቫይታሚን ቢ1 አብሮ አይሰጥም፤ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል።

መድኃኒት ብቻውን ግን አይበቃም። ዋናው ምክንያት መጠጫው ሥር የራሰው ሰጋቱራ ነበር፤ የጥገኛው እንቁላል እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ዶሮዎችን ለመበከል ይደርሳል፣ ክሎሪንም አይገድለውም። እርጥቡ ተዝቆ ወጣ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ሰጋቱራ ተነጠፈ፣ መጠጫው እስከ ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍ አለ። በክረምት ብርዱን ፈርታችሁ መስኮቱን ሁሉ አትዝጉ፣ እባካችሁ፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ግን በመጠጥ ውኃ የሚሰጠውን የጉምቦሮ (የጫጩቶች የቫይረስ በሽታ) ክትባት ያበላሻል። በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት አስቀድማችሁ በጥብጡ፤ ክትባቱ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይጨመር።