ጥብቅ የወንዝ ሸለቆን በእግር፣ በብስክሌትና በአውቶቡስ ማየት

እቅዱን ከመመለሻው ጀምሩ። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ አረጋግጡና ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ቢያንስ 1 ሰዓት ትርፍ ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሸለቆው ራስጌ ወጥቶ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ነው፤ ጉልበት ሲደክም መንገዱ ይቀላል። ብስክሌት ይጫን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የእግር ጉዞውን ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት። እረፍትን አይጨምርም።

ብስክሌት የሚፈቀደው በየትኞቹ መንገዶች ብቻ እንደሆነ ካርታው ላይ እዩ። ለኮረት 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ ይመቻል። እርጥብ የእንጨት ድልድይ ላይ ግን አትጠምዝዙ፣ የፊት ፍሬንም አትያዙ፤ ጎማው ወዲያው ይንሸራተታል። መንፊያና መለጠፊያ አይቅር።

አደጋው ያለው መሻገሪያው ላይ ነው። ወንዙ የጠበበበት ቦታ ቅርብ ስለሚመስል ያታልላል፤ ጥልቁም ፈጣኑም ግን እዚያው ነው። ሰፋ ብሎ ጥልቀት ሳይኖረው የሚፈስበትን ምረጡ። ጫማ አታውልቁ፣ የሻንጣውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱ፣ ፊታችሁን ወደ ውሃው መምጫ አዙራችሁ በዱላ እየተደገፋችሁ ወደ ጎን ተራመዱ። ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ላይ ዘንቧል፤ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ።

በጠጠሩ ዳርቻ ላይ የሚጥሉ ወፎች አሉ፤ እንቁላላቸው ከጠጠሩ አይለይምና በእርባታ ወቅት ከመንገዱ አትውጡ።