ምኞትንና ፍላጎትን በስፓኒሽ እንዴት መግለጽ ይቻላል?

ስፓኒሽ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ምኞት መግለጽ ላይ ሲደርስ የሚደናገረው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ነው። አማርኛው በቀጥታ ያደርሰዋል። «መብላት እፈልጋለሁ» እና «እንድትበላ እፈልጋለሁ» ብለን የምንለየውን ስፓኒሽም እዚያው ቦታ ላይ ይለየዋል፤ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም በአንድ የግሥ ቅርጽ ያልፋቸዋል።

1. ፈላጊውና አድራጊው አንድ ሰው መሆኑን ይለዩ

አንድ ከሆነ «ኪዬሮ» (እፈልጋለሁ) ይበሉና ግሡን በመነሻ ቅርጹ ያስከትሉ፦ «ኪዬሮ ኮሜር»፣ መብላት እፈልጋለሁ። መሃል ላይ ምንም ቃል አይገባም።

ፈላጊው ሌላ፣ አድራጊው ሌላ ከሆነ «ኬ» ይገባል፤ ግሡም ሱብሁንቲቦ ወደሚባለው ቅርጽ ይለወጣል፦ «ኪዬሮ ኬ ኮማስ»፣ እንድትበላ እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ «ኪዬሮ ኬ ኮሜስ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። «ኮሜስ» ማለት «ትበላለህ» ስለሆነ ለስፓኒሽ ተናጋሪ ጆሮ «ትበላለህ እፈልጋለሁ» እንደማለት ነው።

2. ሱብሁንቲቦውን ይሥሩ

ከ«እኔ» የአሁን ጊዜ ቅርጽ ይነሱና መጨረሻው ላይ ያለውን «ኦ» ይጣሉ። መነሻቸው በ«አር» የሚያልቅ ግሦች በምትኩ «ኤ» ይቀበላሉ፤ በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት ደግሞ «አ»። ስለዚህ «አብሎ» (እናገራለሁ) «አብሌ»፣ «ኮሞ» (እበላለሁ) «ኮማ»፣ «ቢቦ» (እኖራለሁ) «ቢባ» ይሆናል። ለ«አንተ» እና ለ«አንቺ» መጨረሻው ላይ «ስ» ይጨምሩ፤ ለ«እርስዎ» ያለ «ስ» ይተዉት።

ከመነሻው ቅርጽ ሳይሆን ከ«እኔ» የሚነሳበት ምክንያት አለ። «ቴኔር» (መያዝ፣ መኖር) በ«እኔ» «ቴንጎ» ስለሚሆን ሱብሁንቲቦው «ቴንጋ» ነው። ከ«ቴኔር» በቀጥታ የተነሳ ሰው «ቴና» ብሎ ይሳሳታል። ይህን መንገድ የማይከተሉት 6 ግሦች በቃል ይጠኑ፦ ሴር–ሴያ፣ ኢር–ባያ፣ ኤስታር–ኤስቴ፣ አቤር–አያ፣ ሳቤር–ሴፓ፣ ዳር–ዴ።

3. ይመርቁ

ምርቃት ለለመደ ሰው ይህ ከሁሉም የሚጥመው ክፍል ነው። «እፈልጋለሁ» የሚለውን ትተው በ«ኬ» ይጀምሩ፤ «ይማርህ»፣ «ይቅናህ» እንደምንለው ማለት ነው። ለታመመ «ኬ ቴ ሜሆሬስ»፣ ለሚሰናበት «ኬ ቴንጋስ ኡን ቡዌን ዲያ» (መልካም ቀን ይሁንልህ)፣ ሊተኛ ለሚሄድ «ኬ ዴስካንሴስ» ይባላል። ምግብ ላይ በስፔን «ኬ አፕሮቤቼ»፣ በላቲን አሜሪካ «ቡዌን ፕሮቤቾ» ይሰማሉ።

4. «ኦሃላ»ን ከትክክለኛው ጊዜ ጋር ያጣምሩ

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ «አላህ ቢሻ» የሚል ነው። ሲነገር የድምፁ ጉልበት የሚያርፈው በመጨረሻው «ላ» ላይ ነው። ሁልጊዜ ሱብሁንቲቦ ይከተለዋል፤ የተስፋውን መጠን የሚናገረው ግን የግሡ ጊዜ ነው።

«ኦሃላ ቤንጋ» ያለ ሰው ሰውዬው ሊመጣ እንደሚችል ያምናል። «ኦሃላ ቢኒዬራ» ሲል ምነው በመጣ እያለ ነው፤ መምጣቱን ይጠራጠራል። «ኦሃላ ኡቢዬራ ቤኒዶ» ካለ ጊዜው አልፏል፤ ምነው ያኔ መጥቶ በነበር ማለቱ ነው። የመካከለኛው ቅርጽ የሚሠራው ከ«እነሱ» ያለፈ ጊዜ ነው፦ «ቢኒዬሮን» (መጡ) ከሚለው «ሮን» ይወጣል፣ «ራ» ይገባል።

5. ሲጠይቁ ያለዝቡ

ለማያውቁት ሰው «ኪዬሮ ኡን ካፌ» (ቡና እፈልጋለሁ) ማለት ሰዋስዉ ትክክል ቢሆንም ይከብዳል። «ኪሲዬራ ኡን ካፌ» ወይም «ሜ ጉስታሪያ ኡን ካፌ» ይበሉ። ምግብ ወይም መጠጥ ሲያምርዎት በስፔን «ሜ አፔቴሴ»፣ በሜክሲኮ «ሴ ሜ አንቶሃ» ይባላል። «ቴንጎ ጋናስ ዴ» ግን በሁሉም አገር ይሠራል፤ ግሡን በመነሻ ቅርጹ ያስከትሉት።

ከሁሉ በላይ ሁለት ሐረጎች ላይ ይጠንቀቁ። «ቴ ኪዬሮ» ማለት «እወድሃለሁ» ነው እንጂ «እፈልግሃለሁ፣ ና» አይደለም። «ቴ ዴሴኦ ሱዌርቴ» መልካም ዕድል እመኝልሃለሁ ማለት ሲሆን፣ «ቴ ዴሴኦ» ብለው ካቆሙ ግን የሥጋ ፍላጎት ይሆናል። የሚመኙትን ነገር ሳይጠሩ ዓረፍተ ነገሩን አይዝጉ።