ተንኮለኛ ባልደረባን መቋቋም፦ ሳይት ላይ ለምትሠራ ሴት ኤሌክትሪሺያን

ሳይት ላይ የሚያበሽቅሽ ሁሉ ተንኮለኛ አይደለም። ካንቺ ያነሰ ዋጋ አቅርቦ ሥራ የወሰደ ሰው ተፎካካሪሽ ነው፤ ይሄ ያለ ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚያሾፍም አለ፤ ወንዱንም ሴቷንም እኩል ይነካካል፣ ሥራሽን ሲያይ ይተውሻል። የሚያሰጋው ሌላው ነው፦ ፎርማኑ ባለበት እያመሰገነ ዞር ሲል "እሷ ያሰረችው ይፈታል" የሚለው፣ የስብሰባ ሰዓት ሲቀየር ሆን ብሎ የማይነግርሽ፣ የጨረስሽውን ሥራ ከፍቶ የሚነካካው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ያደረገው ነገር ሥራሽን ወይም ደህንነትሽን ጎድቷል? ካልጎዳ እለፊው።

ተንኮል የሚመቸው ማን ምን እንደሠራ በማይታወቅበት ቦታ ነው። ብልሽት ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሴቷ ሥራ ነው። ልክ አይደለም፤ ግን አውቀሽው ተዘጋጂ።

ቦክስ ከመክደንሽ ወይም ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሁለት ፎቶ አንሺ፤ አንዱ ራቅ ብሎ ክፍሉን የሚያሳይ፣ ሌላው ማሰሪያውን በቅርብ። የሰርኪዩቱ ቁጥርና ቀኑ በወረቀት ፕላስተር ላይ ተጽፎ አብሮ ይታይ። ቱቦው የሚቀበር ከሆነ ሜትር ዘርግተሽ ከወለሉና ከማዕዘኑ ያለው ርቀት ፎቶው ላይ እንዲነበብ አድርጊ። ነገ ሌላው በድሪል ቢበሳው ክርክሩ ያጥራል።

ቀጥሎ የኢንሱሌሽን ፍተሻ ነው፤ የሽቦው ልባስ ኤሌክትሪክ እንደማያሾልክ የሚለካበት። ለ230/400 ቮልት መስመር በ500 ቮልት ዲሲ ይለካል። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ንባብ 1 ሜጋኦም ነው፤ ጤነኛ አዲስ ኬብል ግን ከዚያ እጅግ በላይ ያነባል። ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎችን ሳትነቅዪ አትለኪ፤ ንባቡም ይሳሳታል፣ ዕቃውም ሊቃጠል ይችላል። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጽፈሽ በሥራው ግሩፕ ላኪው። በማግስቱ 200 የነበረው 0.3 ሆኖ ካገኘሽው ሰው ላይ ከመጮህሽ በፊት አጣሪ። እርጥብ ልስን ንባብ ያወርዳል፣ የአናጢ ምስማርም ኬብል ይበሳል። ወንጅለሽ ሰበቡ እርጥበት ሆኖ ከተገኘ፣ የሚቀጥለውን እውነተኛ አቤቱታሽን የሚሰማ አይኖርም።

ፓኔል (የብሬከሮቹ ሳጥን) ውስጥ ያለውን ብሎን በሚገባው ጉልበት ካጠበቅሽ በኋላ በቀለም ማርከር ከብሎኑ ራስ እስከ ተርሚናሉ አካል ድረስ አንድ ቀጭን ሰረዝ አስምሪ። ሩብ ዙር እንኳ ቢፈታ ሰረዙ ለሁለት ይከፈላል፤ መልሶ ያጠበቀው ሰው በትክክል ለማግጠም ይቸገራል። በሦስት ፌዝ ላይ ዋናው ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ቢላቀቅ 230 ቮልት ሊደርሰው የሚገባ ዕቃ ወደ 400 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ዕቃ ይቃጠላል፣ እሳትም ይነሳል። በዚህ የሚቀልድ ኤሌክትሪሺያን የለም፤ "ቀልድ ነው" ካለሽ አትቀበዪው።

ብሬከር የምትቆልፊበት ቁልፍ የራስሽ ይሁን፤ መክፈቻው አንድ ብቻ፣ እሱም ኪስሽ ውስጥ። ስምሽና ሰዓቱ ያለበት ካርድ አንጠልጥዪበት። "አጥፍቼልሻለሁ" የሚል ቃል ይዘሽ ሽቦ አትንኪ፣ ወዳጅሽም ቢሆን። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቂው ቦታ ሞክሪው፣ ከዚያ የምትሠሪበት መስመር ላይ፣ ከዚያ ተመልሰሽ የመጀመሪያው ቦታ ላይ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ቴስተሩ መሃል ላይ ሞቶ እንደሆነ የሚነግርሽ ግን እሱ ነው። ቁልፍሽን የቆረጠ ሰው ካለ ነገሩ የፀባይ ሳይሆን የነፍስ ነው። ሥራ አቁሚና በዚያው ሰዓት አሳውቂ።

ከሰውየው ጋር ስትነጋገሪ አጭር ሁኚ። ሐሳብሽን የራሱ አድርጎ ስብሰባ ላይ ካቀረበ፣ "አዎ፣ ጠዋት የላክሁት ነው፤ መስመሩ ረጅም ስለሆነ ሽቦው ከ2.5 ወደ 4 ካሬ ሚሊሜትር ይደግ ያልኩት" በዪና ወደ ሥራው ቀጥዪ። በሥራሽ ካሾፈ፣ "የትኛው ሰርኪዩት? ና አብረን እንለካው" በዪው። ለመለካት የሚመጣ ጥቂት ነው።

ለኃላፊ ስትጽፊ ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለሆነው ነገር ጻፊ፤ ካላየሽው በቀር የማንንም ስም አታንሺ፤ የምትፈልጊውንም መፍትሔ ጨምሪ። ለምሳሌ፦

"ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የ2ኛ ፎቅ ፓኔል ሰርኪዩት 7ን ጨርሼ 210 ሜጋኦም ለክቻለሁ፤ ፎቶው ተያይዟል። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ስከፍተው የኒውትራሉ ብሎን ላልቷል፣ ምልክቱም ተከፍሏል። እስከ ርክክብ ድረስ ፓኔሉ ተቆልፎ መክፈቻው እርስዎ ዘንድ እንዲሆን፣ የሚከፍተውም ሰው እንዲፈርም እጠይቃለሁ።"

በቃል ከተነጋገራችሁም የዚያኑ ቀን በጽሑፍ አረጋግጪ። አሥር ጊዜ ችለሽ በአሥራ አንደኛው ስትፈነጂ ሰው የሚያየው ፍንዳታውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሥራ የነካውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስታውቂ። የራስሽን ስህተት ደግሞ ሌላ ሰው ሳያገኘው ራስሽ ተናገሪ። የእሱን ሥራ በመነካካት ብድር መመለስ ከሞከርሽ የሰበሰብሽው መረጃ ሁሉ ገደል ገባ።

የሚዳፈር እጅና ጾታዊ ንግግር በዚህ መንገድ አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 190ኛ ስምምነት አንድ ጊዜ የተፈጸመ ድርጊትም ትንኮሳ ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሥልጠና ላይ ያሉትንና ሥራ ፈላጊዎችንም ይጨምራል። "ደግሞ ካደረገው" ብለሽ አትጠብቂ።

ሥራሽ መነካካቱን ኃላፊው በጽሑፍ አውቆ ምንም ካላደረገ ሌላ ሳይት ፈልጊ። ከመውጣትሽ በፊት የተፈረመባቸውን የፍተሻ ቅጾች ኮፒና የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ያዢ፤ ደብዳቤው "ረዳት" ሳይሆን የሠራሽበትን ትክክለኛ መደብ ይጥቀስ። የደንበኛውን ፓኔልና የጥበቃ ካሜራ አቀማመጥ የሚያሳዩ ፎቶዎችን ግን ለሚቀጥለው ቀጣሪ አታሳዪ።