የካምኮርደር ቪዲዮን ለኤዲቲንግ እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል

በካምኮርደር የቀረጻችሁት ሠርግ ኤዲት ስታደርጉት ከተቆራረጠ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ፋይሉ የታሸገበት መንገድ ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ የተባለው የካምኮርደር ቪዲዮ ፎርማት ቦታ ለመቆጠብ እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ይይዝና በቀሩት ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ለማየት ችግር የለውም። ስትቆርጡ ግን ኮምፒውተሩ አንዲት ፍሬም ለማሳየት ብዙዎቹን መፍታት አለበት።

መጀመሪያ የካርዱን ፎልደር እንዳለ ገልብጡ። የኤምቲኤስ ፋይሎቹን (ቪዲዮው ራሱ ያለባቸውን) ብቻ መርጣችሁ አታውጡ። ረጅም ቀረጻ ካርዱ ላይ በ2 ወይም በ4 ጊጋባይት እየተቆረጠ ነው የሚቀመጠው፤ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው መረጃ ያለው ሌሎቹ ፋይሎች ውስጥ ነው። እሱ ከጠፋ መጋጠሚያው ላይ ድምፅ ሊዘል ይችላል።

ቀጥሎ ሚዲያኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አንዱን ፋይል ከፍታችሁ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ ስንት ፍሬም እንዳለ)፣ ሬዞሉሽኑን (የምስሉን ስፋት በፒክስል)፣ ኢንተርሌስድ (እያንዳንዱ ፍሬም በሁለት ግማሽ ተከፍሎ የተቀረጸ) መሆን አለመሆኑንና የድምፁን ዓይነት ጻፉ።

አሁን ሁለት ደቂቃ ያህል ኤዲተራችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩ። ሳይቆራረጥ ከሄደ መቀየሩ ይቅርባችሁ፤ ጊዜና ቦታ ነው የምታባክኑት።

ካስቸገረ ለኤዲቲንግ ወደተሠሩት ፎርማቶች፣ ወደ ፕሮሬስ 422 ወይም ወደ ዲኤንኤክስኤችዲ ቀይሩ። ሸተር ኢንኮደር የተባለው ፕሮግራም ሁለቱንም በነፃ ይሠራል። ሀንድብሬክ የተባለውን ሌላ መቀየሪያ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ የሚያወጣው ፋይል መልሶ እንደ መጀመሪያው የተጨመቀ ነው። ለቦታ ተዘጋጁ፦ ዲኤንኤክስኤችዲ በሰከንድ 120 ሜጋቢት ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ 54 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። ኦሪጅናሉ በሰከንድ 24 ሜጋቢት ቢቀረጽ 11 ጊጋባይት አይሞላም። ሀርድ ዲስካችሁ ጠባብ ከሆነ አነስ ያለ ቦታ የሚይዘው ፕሮሬስ ኤልቲ ይሻላል።

ፍሬም ሬቱን አትንኩ። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ብዙውን ጊዜ 29.97 ይቀርጻል፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው 25። ሁለቱን ደባልቃችሁ ከቀረጻችሁ አብዛኛው በተቀረጸበት ፕሮጀክቱን ክፈቱ፣ ማስማማቱን ለኤዲተሩ ተዉት። በነገራችን ላይ፣ የአሜሪካው ካሜራ ኢትዮጵያ ውስጥ አዳራሽ ሲቀርጽ መብራቱ የሚርገበገበው ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ያንን ኮንቨርት በማድረግ አታስተካክሉትም፤ ስትቀርጹ የካሜራውን የሻተር ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት።

ሬዞሉሽኑንም አታሳድጉ፣ ጥራት አይጨምርም። ፋይሉ 1440 በ1080 ሆኖ የሰው ፊት ቀጥኖ ከታየ ግን ፒክስሉ ካሬ ስላልሆነ ነው። 1920 በ1080 አድርጉት፣ ፊቱ ይስተካከላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢንተርሌስድ ላይ ነው። እስክስታ የሚመታውን ሰው ትከሻ አቁማችሁ እዩት፤ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ መስመር ከወጣ ቪዲዮው ኢንተርሌስድ ነው። የ25ቱን ካሜራ ቪዲዮ በ25 ካስቀራችሁት ግማሹ እንቅስቃሴ ይጠፋል። ወደ 50 ፍሬም (የ29.97ቱን ወደ 59.94) ዲኢንተርሌስ አድርጉት፣ ማለትም ግማሾቹን ወደ ሙሉ ፍሬም ለውጡ፣ ትከሻው እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ ብቻ ነው የፍሬሙ ቁጥር የሚለወጠው። የፊልድ (የፍሬሙ ግማሾች) ቅደም ተከተሉ ለኤቪሲኤችዲ የላይኛው፣ ለዲቪ ካሴት የታችኛው ይቀድማል። ከተገለበጠ እንቅስቃሴው ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል።

ድምፁን ያልተጨመቀ ፒሲኤም 48 ኪሎኸርዝ አድርጉት። ካምኮርደሮች የሚጠቀሙበትን ኤሲ-3 የተባለ የተጨመቀ የድምፅ ፎርማት የማያነቡ ኤዲተሮች አሉ።

ሁሉንም ከመቀየራችሁ በፊት ጭፈራና ንግግር ያለበት አንድ ደቂቃ ብቻ ቀይሩና ከንፈርና ድምፅ መግጠማቸውን አረጋግጡ። ከዚያ የቀረውን ማታ ለቃችሁት ተኙ። ኦሪጅናሉን ባለ ሠርጎቹ ቪዲዮውን እስኪረከቡ ድረስ አታጥፉት።