ቢግል ልታሳድጉ ከሆነ ከአፍንጫው ጀምሩ
ቢግል ጥንቸል አዳኝ የውሻ ዝርያ ነው። ቁመቱ ከ33 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጉልበቱ ግን አያልቅም። የእኔው ቡቺ ሽታ ከያዘ ብጠራው፣ ባፏጭለት፣ ብለምነው አይሰማኝም። አንዴ ሜዳ ላይ ፈትቼው ግማሽ ቀን ስፈልገው ዋልኩ። እናንተ ባልታጠረ ቦታ ማሰሪያውን እንዳትፈቱ።

በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት አንሸራሽሩት። አትጎትቱት፣ ቆሞ ያሽትት። ቡቺን ከሩጫው ይልቅ ማሽተቱ ነው የሚያደክመው።

ጆሮው ላይ አትዘናጉ። ረጅምና የተንጠለጠለ ስለሆነ አየር አያገኝም፤ እርጥበት ይይዝና ኢንፌክሽን ይከተላል። በሳምንት አንዴ ገልጣችሁ እዩት፤ አሽትቱትም፣ አትጸየፉ። ንጹሕ ከሆነ አትነካኩት። ከቆሸሸ የእንስሳት ሐኪም ባዘዘው ማጽጃ በጥጥ የሚታየውን ብቻ ጥረጉ። እንጨት ወደ ውስጥ አትክተቱ። ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ ካራገፈ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ምግብ ላይ ሆዳም ነው፣ በቃ። በዓይኑ ሲለማመጥ አትሸነፉ። መጥናችሁ በቀን ሁለቴ ስጡት። ስትዳስሱት የጎድን አጥንቱ ካልተሰማችሁ ወፍሯል ማለት ነው። ፀጉሩን በሳምንት አንዴ መቦረሽ ይበቃል። ጩኸቱን ግን ጎረቤት ካላችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት።