ዲለሩ ቶሎ ቶሎ ሲበውዝብህ፦ የካርታ ቆጣሪ ችግርና መፍትሄ

ላስ ቬጋስ ካሲኖ ውስጥ ካርታ ሲያድሉ ከሚያድሩት መካከል ሐበሻ ብዙ ነው። ብላክጃክ ላይ የወጡትን ካርታዎች መቁጠር በጀመርኩ ሰሞን ያጫወተችኝ ዲለርም (ካርታ አዳይም) የአገሬ ልጅ ነበረች። ካርታውን እየሰበሰበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ወንድሜ፣ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል» አለችኝ። እኔ በሆዴ የምቆጥር መስሎኛል። ለካ በአማርኛ እያንሾካሾክኩ ነው፤ ሲደመር ሦስት፣ ሲደመር አራት። አፍሬ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ከንፈሬን ስጠብቅ ከረምኩ። ቺፔን (በገንዘብ ምትክ የምወራረድበትን) ግን ማን ይጠብቀው? የሚያስበላህ እሱ ነው።

አንድ ነገር እናስቀድም። በጭንቅላትህ መቁጠር በአሜሪካ ወንጀል አይደለም። ስልክ ወይም ሌላ መሣሪያ ተጠቅመህ መቁጠር ግን ላስ ቬጋስ ባለችበት ግዛት በኔቫዳ ከ1985 ጀምሮ እስር ቤት የሚያስገባ ከባድ ወንጀል ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ውርርድ በጨመርክ ቁጥር ዲለሩ ይበውዛል

በስድስት ፓኬት ጨዋታ 312 ካርታ አለ። ግማሹ ሳይወጣ ዲለሩ መበወዝ ከጀመረ ወይ አንድ ሰው ነግሮታል፣ ወይ ራሱ ነቅቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ2 እስከ 6 ያሉት ካርታዎች በብዛት ሲወጡ፣ የቀረው ክምር በአስርና በአስ ይሞላል፤ ይህም ለአንተ ይጠቅማል። ስለዚህ ትንሽ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ፣ አስር ወይም አስ ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ። ቆጠራህ ሲደመር 12 ሆኖ አራት ፓኬት ያህል ከቀረ፣ ትክክለኛው ቆጠራ 12 ለ 4 ሲካፈል 3 ነው። ያኔ ከ25 ዶላር ወደ 200 ትዘላለህ። ዝላዩን ፎቁ ላይ ያለው ካሜራም፣ አጠገብህ የቆመው ፒት ቦስም (የጠረጴዛዎቹ አለቃ) ያየዋል። በወዙት ማለት የደከምክበት ክምር ጠፋ ማለት ነው።

መፍትሄው አለመዝለል ነው። ስታሸንፍ ያሸነፍከውን እዚያው ላይ ተወው፤ ሞቅ ያለው ቁማርተኛ ሁሉ የሚያደርገው ነውና ዓይን አይስብም። ስትሸነፍ ደግሞ ቆጠራው ቢያምርም ባለህበት ቆይ። ይሄ ከትርፍህ ላይ ይቆርጣል፣ አልዋሽህም። ግን በነጋታው መመለስ ትችላለህ።

አንዳንድ ተንኮለኛ አለ፤ ቆጠራው ሲበላሽ ሆን ብሎ ውርርዱን ከፍ ያደርጋል። ዲለሩም ደንግጦ መጥፎውን ክምር ይበውዝለታል። ያስቃል። ባይበውዝስ? ብዙ ገንዘብ በመጥፎ ካርታ ላይ አስቀምጠሃል። እኔ አልመክርም።

ፒት ቦሱ ስልክ አንስቶ ወደ አንተ ያያል

ካሜራ ክፍል ደወለ ማለት ነው። እዚያ ያለው ሰው አብሮህ ይቆጥራል፤ ውርርድህ ከቆጠራው ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ካገኘው አበቃ። እርግጠኛ ለመሆን ግን ደጋግሞ ማየት አለበት። ያለህ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከ45 ደቂቃ በላይ አልቀመጥም። ስልኩ ሲነሳ እነሳለሁ፤ ሰውዬው እስኪመጣ አልጠብቅም። ሳትሮጥ ቺፕህን ሰብስብ፣ ለዲለሩ ጉርሻ ተው፣ ውጣ። የጎን ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ መውጣት አይደለም። በዚያው ፈረቃም አትመለስ።

የሰከረ መምሰል የሚወዱ አሉ። ካሜራው ያንተን መንገዳገድ አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ብርህን ነው።

«ሌላውን ሁሉ ተጫወት፣ ብላክጃክ ግን በቃህ» ተባልክ

በኔቫዳ ይህን የማለት መብት አላቸው። ቤቱ የእነሱ ነው። አትከራከር፣ «ምን አጠፋሁ» አትበል። «እሺ» ብለህ ቺፕህን መንዝርና ሂድ። ከግቢው ተከልክለሃል ብለው በግልጽ ካነበቡልህ ደግሞ ተመልሰህ መግባት ራሱ ወንጀል ይሆናል፤ ይህን በቀልድ አትያዘው።

ኒው ጀርሲ ይለያል። ኬን ኡስተን የሚባል ቆጣሪ ካሲኖ ከስሶ በ1982 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደለት። የግዛቲቱ የካሲኖ ከተማ አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ በመቁጠርህ ብቻ አያባርሩህም። በምትኩ ቶሎ ቶሎ ይበውዛሉ፣ የውርርድህን ጣሪያ ዝቅ ያደርጋሉ። አስወጡህ ባትባልም ውጤቱ ያው ነው።

ገና ስትገባ ያውቁሃል

የተጫዋች ካርድ (ካሲኖው ጨዋታህን እየመዘገበ ነፃ ነገር የሚሸልምበት) ስታወጣ ስምህና የውርርድ ታሪክህ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ፋይሉ እህት ካሲኖዎች ጋም ይደርሳል። ነፃ እራት አምሮኝ ካርድ ያወጣሁበት ቤት ነው መጀመሪያ ያባረረኝ። እራቱም ያን ያህል አልነበረም። ያለ ካርድ ተጫወት፣ ትንሽም ተጫወት። የሐሰት መታወቂያ ግን አታስበው። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ ካሲኖው ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታው ነው። ያን ለማምለጥ ገንዘቡን መከፋፈል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ወረቀቱን ይሙሉት።

ማንም አያይህም፣ ገንዘብህ ግን ያልቃል

ይሄ ከሁሉም ይብሳል። የጠረጴዛውን ጨርቅ አንብብ። ብላክጃክ (አስና አስር አብረው ሲደርሱህ) 3 ለ 2 ሳይሆን 6 ለ 5 ይከፍላል የሚል ከሆነ፣ በ100 ዶላር 150 ማግኘት ሲገባህ 120 ይሰጡሃል። ለካሲኖው ወደ 1.4 በመቶ ተጨማሪ ትርፍ ነው። ጎበዝ ቆጣሪ ለፍቶ የሚያገኘው ብልጫ 1 በመቶ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ማንም ዞር ብሎ የማያይህ።

ከዲለሩ ጎን የተጫወታችሁበትን ካርታ ወዲያው የሚውጥ ማሽን ካለ ደግሞ የምትቆጥረው ነገር የለም። አትቀመጥ።