«ደህና ነኝ» የሚል ታካሚ ምን ተብሎ ይጠየቅ?

እናቴ የጉልበት ቀዶ ጥገና ካደረገች በኋላ ስልኳ ላይ የፊዚዮቴራፒ አፕ ተጫነላት። በየቀኑ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ይላታል። እሷም በየቀኑ የምትስቀዋን ፊት ትነካና ስልኩን አስቀምጣ፣ ግድግዳ ይዛ እያነከሰች ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። ለምን እንደዛ እንደምትመልስ ስጠይቃት «ታዲያ ምን ልበል? እግዚአብሔር ይመስገን ነው እንጂ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። «እንዴት ነዎት» እኛ ጋ ሰላምታ ነው።

እንዲህ ያለ አፕ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ያቺን ጥያቄ አውጡልኝ። በምትኩ በመጀመሪያው ቀን «ማድረግ እየፈለጉ ያቃተዎት ሦስት ነገር ምንድን ነው?» በሉ። በራሱ ቃል ይጻፈው፣ መጻፍ ከከበደው በድምፅ ይናገረው። አንዷ ከዱካ መነሳት ትላለች፣ ሌላው ሚኒባስ ላይ መውጣት፣ ሌላው መስገድ። ከዚያ በየሳምንቱ ለነዚያው ሦስት ነገሮች ከ0 እስከ 10 ይስጥ፤ 0 ጭራሽ አልችልም፣ 10 ልክ እንደ ድሮዬ። የኔ ፈጠራ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣና ባለሙያዎች የሚሠሩበት መለኪያ ነው። እናቴን «ከዱካ መነሳትስ?» ብዬ ስጠይቃት «3» አለችኝ። ያቺ ስትስቅ የከረመችው ሴትዮ!

ሕመምም ከ0 እስከ 10 ይለካል፣ ግን እዚህ 10 መጥፎ ነው። ሁለቱን አንድ ስክሪን ላይ ካስቀመጣችኋቸው ሰው ይምታታበታል። ቁጥሩን ብቻ አትተዉት፣ ዳርና ዳሩ ላይ በቃል ጻፉ። ደግሞ አንዴ ጠይቃችሁ አትለፉ፤ እንቅስቃሴውን ሲሠራ ስንት ነበር፣ በማግስቱ ጠዋትስ? ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ አድሮም ካልበረደ ግን ልምምዱ በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የት ላይ ይቁም የሚለውን ለእያንዳንዱ ታካሚ ባለሙያው ይወስን፣ ፕሮግራመሩ አይደለም።

በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ የወንበር ፈተና ጨምሩ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ ይችላል? ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፣ ሚዛን ለሚያስቸግረው ሰው አጠገቡ ይኑር። ሁልጊዜም ያው ወንበር ይሁን፣ ዛሬ በሶፋ ነገ በበርጩማ ከሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

ስለ አማርኛው ትንሽ ልበል፣ እዚህ ጋ ነው ብዙዎች የሚዝረከረኩት። እናትን «ሠራህ?» የሚል አፕ አይቻለሁ። «እርስዎ» በሉና ተገላገሉ፣ ወንድ ሴት መለየት አያስፈልግም። ሰዓቱንም ተጠንቀቁ፦ «7:00» ብላችሁ ለጠዋት የላካችሁትን ማስታወሻ ሰዉ ከምሳ በኋላ ነው ብሎ ያነበዋል። «ጠዋት 1 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉት።

ያልሠራበት ቀን ሲኖር አትቆጡት። «ምን አጋጠመዎት?» ብላችሁ ምርጫ ስጡት፦ አመመኝ፣ ጊዜ አጣሁ፣ አሠራሩ ጠፋኝ፣ ፈራሁ። የመጨረሻዋን እንዳትረሷት። ስፌቱ የሚፈታ እየመሰለው ጉልበቱን የማያጥፍ ሰው ሞልቷል፣ ለሱ ማስታወሻ ብትደረድሩለት ዋጋ የለውም፤ ባለሙያው ይደውልለት።

መልሱ ደግሞ የሆነ ነገር ይለውጥ። ሕመሙ አድሮ ከባሰ ባለሙያው አስቀድሞ በፈቀደው መሠረት 10 ድግግሞሹ 6 ይሁን፣ ለምን እንደቀነሰም አፑ በአንድ መስመር ይንገረው። ነገር ግን የአንድ እግሩ ባት አብጦ ከጋለ፣ ወይም ብሽሽቱ አካባቢ ደንዝዞ ሽንት መቆጣጠር ካቃተው፣ ግራፍ ምናምን አታሳዩት። ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይቅር፦ «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»